«አማቴ ‹ሁለተኛ ፎቶ እንዳታነሱኝ› አሉ»

ጤና ይስጥልኝ፤

የዓምዱ ተከታታይ ነኝ። ጥያቄዬ ከሌሎቹ አንጻር ቀላል ሊመስል ይችላል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችንና አማቴ አንድ ላይ ነን። አማቴን «እማማ» ነው የምላቸው፤ ለእኔ እንደ እናቴ ናቸው።

ባለፈው ፋሲካ ቤተሰቡ በሙሉ እኛ ቤት ተሰብስቦ ነበር። እማማ አዲሱን የሀበሻ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ሳሎን መስኮቱ ሥር ያለው ሶፋ ላይ ተቀመጡ። በስልኬ ያነሳኋቸው እኔ ነኝ። ቀሚሱ ቦግ ብሎ ወጣ፤ ፊታቸው ግን ጠቁሮ ዓይናቸው እንኳ አይለይም። በደንብ ሳላየው ለቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ላክሁት። ትልቁ ልጄ «አያቴ የት ሄደች? የተነሳው ቀሚሱ ብቻ ነው» ብሎ ጻፈ። ሁሉም ሳቁ፤ እማማም አብረው ሳቁ። ማታ ስንተኛ ግን «እኔ ድሮም ጥቁር ነኝ፤ ፎቶ አያምርብኝም። ሁለተኛ እንዳታነሱኝ» አሉኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስልክ ሲወጣ ካዩ ወይ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ይስባሉ፣ ወይ ወደ ወጥ ቤት ይገባሉ።

አሁን ለገና የባለቤቴ እህት ከዱባይ ትመጣለች። ከ6 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። «ከእማዬ ጋር ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶ እፈልጋለሁ» ብላናለች። ባለቤቴ ዕቁብ ደርሶት ስለነበር በዚያ ብር ካሜራ ካልገዛሁ ብሎ ተነስቷል። ያ ብር ግን ለልጆቹ ትምህርት ቤት የታሰበ ነው፤ በዚህ ምክንያት ተኮራርፈናል። በፍላሽ ሞክሬ ነበር፤ ፊታችን ቅባት የፈሰሰበት ይመስላል። ስለ ፎቶ የማውቀው ነገር የለም። ካሜራው ይገዛ ይላሉ? እማማንስ እንዴት ብዬ ልለምናቸው?

የሰሚቷ ምራት


እህቴ፣

በመጀመሪያ ነገር ጥያቄሽ ቀላል አይደለም። ከደብዳቤሽ ውስጥ ልቤ ላይ የቀረው የካሜራው ጉዳይ አይደለም፤ እማማ በሰው ፊት ስቀው ማታ ለብቻሽ የነገሩሽ ነገር ነው። የሳቁት ልጁን ላለማሳፈር ይመስለኛል። «ድሮም ጥቁር ነኝ» የሚለው ቃል ግን በፋሲካ ዕለት የመጣ አይመስልም፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲባሉት የኖሩት ሊሆን ይችላል። እሱን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። የእኔ ጥያቄ ይህ ነው፦ ያንን ፎቶ ስታይ አንቺስ በልብሽ «ምን ላድርግ፣ መልካቸው ነው» ብለሽ ነበር? ብለሽ ከሆነ አልፈርድብሽም፤ ግን ስህተት ነው። ልመናውን ከመጀመርሽ በፊት ጥፋቱ የፊታቸው እንዳልነበረ አንቺው ማወቅ አለብሽ።

መስኮቱ ሥር ሶፋው ላይ ተቀመጡ ብለሻል። እንግዲህ ጀርባቸውን ለመስኮቱ ሰጥተው ነበር ማለት ነው። አንቺ በዓይንሽ ስታያቸው ፊታቸው ቁልጭ ብሎ ይታይሽ ነበር፤ የሰው ዓይን ኃይለኛ ብርሃንና ጥላን አንድ ላይ ማስተናገድ ይችላል። ካሜራ የዚያን ያህል አይችልም። ፊቱ ያለውን ብርሃን በጅምላ ይለካና ምስሉ በአማካይ ከነጭም ከጥቁርም መሃል፣ ግራጫው ላይ እንዲያርፍ አድርጎ ያነሳል። ከኋላ የሚያበራ መስኮት፣ ከፊት ነጭ ቀሚስ፣ በላዩ ነጭ ነጠላ ሲያይ ብርሃኑ በዛብኝ ይልና ሁሉንም ያጨልማል። ቀሚሱ ይተርፋል፤ ፊቱ ይቀራል። ቀይ የሚባል ሰውም እዚያ ቦታ ቢቀመጥ ጠቁሮ ይወጣ ነበር። ባለቤትሽ ሊገዛው ያሰበው ካሜራም በራሱ እንዲለካ ከተተወ፣ እዚያው ሶፋ ላይ ያንኑ ሊደግመው ይችላል።

እግረ መንገዴን አንድ ታሪክ ልንገርሽ፤ ለእማማም ይሆናቸዋል። በፊልም ዘመን ፎቶ አጣቢዎች የቀለሙን ልክ የሚያስተካክሉት ኮዳክ በሚልክላቸው የአንዲት ሴት ፎቶ ነበር፤ «ሸርሊ ካርድ» ይባላል። ሴትየዋ ነጭ ነበረች። የእሷ ፊት ካማረ ሥራው ልክ ነው ይባል ነበር፤ ጥቁር ሰው እንዴት ወጣ ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም አልነበረም። ኩባንያው ለቡናማ ቀለም ትኩረት መስጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ቸኮሌት አምራቾችና የእንጨት ቤት ዕቃ ሠሪዎች «ምርታችን በፎቶ አይለይም» ብለው አቤት ካሉ በኋላ ነው ይባላል። ጎግልም ጠቆር ያለ ገጽታን በትክክል እንዲያሳይ ያስተካከለውንና «ሪል ቶን» ያለውን አሠራር በፒክስል 6 ስልክ ይዞ የመጣው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። እማማን «ለቸኮሌት ነው የተቆረቆሩት እንጂ ለእኛ አይደለም» ብለሽ ብታጫውቻቸው የልብ ሳቅ ይስቁ ይሆናል። ዋናው ግን መሣሪያው ከጥንቱም ለእሳቸው ፊት ታስቦ እንዳልተሠራ መስማታቸው ነው።

ወደ ካሜራው ልምጣ። አይገዛ ባይ ነኝ፤ ቢያንስ ለዚህ ገና አይገዛ። ጥሩ ካሜራ ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። በማታ ብርሃን፣ የሚሯሯጥ ልጅ ለማንሳት ከስልክ ይበልጣል። ነገር ግን ለመልመድ ጊዜ ይፈልጋል፤ በዓል ደግሞ መለማመጃ አይሆንም። ለአንድ ሰዓት የሰፈር ፎቶ አንሺ መጥራትም ይቻላል፤ ከካሜራ ዋጋ ጋር ሲተያይ እዚህ ግባ አይባልም። የእኔ ስጋት እማማ ናቸው። ከእናንተ የሸሹ ሴት ለማያውቁት ሰው ይቀመጣሉ ወይ? ይህን አንቺ መዝኚው።

ባለቤትሽን ግን «ገንዘቡን አትንካ» ከማለትሽ በፊት ካሜራው ለምን እንዳስፈለገው በረጋ ሰዓት ጠይቂው። 6 ዓመት በሰው አገር የቆየች እህት ስትመጣ ወንድም የሚያሳያት ነገር ሳይፈልግ አይቀርም፤ ባዶ እጁን እንዳይመስል ሰግቶም ይሆናል። ይህ ከሆነ ነገሩ የዕቃ ጉዳይ አይደለም፤ ሥራ ከሰጠሽው ልቡ ያርፋል። የዕለቱ አንሺ እሱ ይሁን። ከዚህ በታች የምጽፍልሽንም አብራችሁ አንብቡት።

አሁን ወደ እማማ። እስከ ገና አትጠብቂ፤ ሰው በተሰበሰበበት «እባክዎ» ማለት እንደገና ማጋለጥ ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት የሄዱበት፣ ቤቱ ጭር ያለበት ቀን ምረጪ። ምስር የሚለቅሙት የት ቁጭ ብለው ነው? መስኮቱ አጠገብ ወይም በረንዳው በር ላይ እንደሚሆን እገምታለሁ። ጠጠሯ እንድትታያቸው ብርሃኑ ከጎን የሚገባበትን ቦታ ራሳቸው መርጠውታል። ለፎቶም ከቤትሽ ውስጥ ምርጡ ቦታ እሱ ነው፤ ሌላ መፈለግ አያስፈልግሽም። እዚያው ሰፌዳቸውን ይዘው ሳሉ አጠገባቸው ተቀመጪና «እማማ፣ ያን ፎቶ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ብርሃኑን ከጀርባዎ አድርጌ ነው። አንዴ ልሞክር፤ ለማንም አልልክም፤ ካልወደዱት እዚሁ አጠፋዋለሁ» በያቸው። እምቢ ካሉ ተያቸውና ምስሩን አብረሽ ልቀሚ። ሌላ ቀን ይመጣል።

እሺ ካሉሽ እንዲህ አድርጊ። የሳሎኑን አምፖል አጥፊ፤ የአምፖሉ ብጫና የመስኮቱ ብርሃን ሲቀላቀሉ አንዱ ጉንጭ ብጫ፣ ሌላው ሰማያዊ ይመስላል። ወፍራሙን መጋረጃ ክፈቺ፤ ፀሐይ በቀጥታ የምትገባ ከሆነ ስሱን መጋረጃ ተይው፤ ብርሃኑን ያለሰልሰዋል። በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በስተሰሜን ያለ መስኮት ቀኑን ሙሉ የረጋ ብርሃን ይሰጣል፤ የደቡቡ ግን ቀጥታ ፀሐይ ያስገባል። እማማ ከመስኮቱ አንድ ሜትር ገደማ ርቀው በጎን ይቀመጡ፤ ፊታቸውን በትንሹ ወደ መስኮቱ ያዙሩ። አንቺ ጀርባሽን ወይም ትከሻሽን ለመስኮቱ ሰጥተሽ ቁሚ፤ ብርሃኑን እንዳትጋርጂ ብቻ ተጠንቀቂ። ከዚያ ዓይናቸውን እዪ። ጥቁሩ ላይ መስኮቱ በትንሹ ነጭ ሆኖ ከታየሽ ቦታው ልክ ነው። ካልታየሽ አገጫቸውን ትንሽ ቀና ያድርጉ፣ ወይም ወንበሩን አዙሪው። ዓይን ውስጥ ያቺ ነጥብ ከሌለች የሚስቅ ሰው እንኳ የደከመው ይመስላል።

ስልኩን ስታነሺ ስክሪኑ ላይ ፊታቸውን በጣትሽ ንኪ። በአብዛኛው ስልክ ላይ ትንሽ የፀሐይ ምልክት ወይም መስመር ይመጣል፤ እሱን ወደ ላይ ስትገፊው ፊታቸው እየበራ ይሄዳል። ቀሚሱ ነጭነቱ በዝቶ ጥለቱ ሊጠፋ ሲል አቁሚ። ካሜራው በጅምላ የለካውን አንቺ በፊታቸው ልክ አስተካከልሽው ማለት ነው፤ ከጽሑፌ ሁሉ ሌላውን ብትረሺ ይህቺን አትርሺ። ከመስኮቱ ተቃራኒ ያለው ጉንጭ ከጨለመብሽ ነጭ ጋቢ ወይም አንሶላ በዚያ በኩል ወንበር ላይ ዘርጊ፤ ብርሃኑን መልሶ ይሰጣል። ግድግዳችሁ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ከተቀባ ደግሞ ከግድግዳው ራቅ በሉ፤ ቀለሙ ፊት ላይ ያርፋል። በድንኳን ውስጥ የተነሳ ፎቶ ላይ ሰው ሁሉ የሸራውን ቀለም የሚይዘው በዚሁ ነው።

ፊትን የሚያነጡ ማሳመሪያዎችን ለእማማ አትጠቀሚ። ይህን ጠበቅ አድርጌ ነው የምነግርሽ። ፊታቸው እንዲበራ እንጂ ሌላ ሰው እንዲሆኑ አንፈልግም። ያነጣሽውን ፎቶ ሲያዩ የሚረዱት «እውነትም መልኬ አይረባም ነበር» የሚለውን ነው። የጠይም ሰው ፊት ደም ግባቱ ወዙ ላይ ነው፤ ያንን ወዝ የሚያወጣው ከጎን የሚመጣ ሰፊና ለስላሳ ብርሃን ነው። ፍላሽ ያበላሸባችሁም ለዚህ ነው። ከሌንሱ አጠገብ ያለች ትንሽዬ መብራት ፊት ለፊት ስትመታ ግንባርና አፍንጫ ላይ ነጭ ነጥብ ሆና ትመለሳለች፤ ቅባት የፈሰሰበት ያልሽው እሱ ነው። ሌላም ችግር አለባት፤ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ብርሃኗ ወደ ሩብ ይወርዳል። ማታ በፍላሽ በተነሳ የቤተሰብ ፎቶ የፊተኞቹ ነጥተው የኋለኞቹ የሚጠፉት በዚህ ምክንያት ነው።

ፎቶውን መጀመሪያ የሚያዩት እማማ ይሁኑ። ስልኩን እጃቸው ላይ ስጪና ዝም በይ። አጥፊው ካሉሽ እያዩሽ አጥፊው። ከወደዱት ደግሞ ለግሩፑ ይላክ አይላክ የሚወስኑት እሳቸው ናቸው። የፋሲካውን ፎቶ ከግሩፑ ላይ ዛሬውኑ አንሺው። ልጅሽን አትቆጪው፤ ክፋት አልነበረውም። ለብቻው ጠርተሽ አያቱ እንደተከፉ ንገሪው፤ ይቅርታውንም በራሱ መንገድ ያምጣ። ለገና ነጭ አንሶላውን የሚይዘው እሱ ቢሆን ደስ ይለኛል።

በዓሉ ዕለት ትልቁን የቤተሰብ ፎቶ ሳሎን ውስጥ አታንሱት። ያን ሁሉ ሰው እኩል የሚያበራ መስኮት ኮንዶሚኒየም ውስጥ የለም፤ ከመስኮቱ በራቁ ቁጥር ብርሃኑ ይቀንሳል። ምሳ ተበልቶ ቡናው ከመፈላቱ በፊት፣ ወደ 10 ሰዓት ግድም፣ ሁላችሁም ወደ ታች ውረዱ። በዚያ ሰዓት የሕንጻው ጥላ በምሥራቅ በኩል ያርፋል። ከጥላው ጠርዝ ብዙ ሳትርቁ፣ ጀርባችሁን ለሕንጻው ፊታችሁን ለሰማዩ ሰጥታችሁ ቁሙ። ማንም ዓይኑን አያጨናብስም፤ የማንም ግንባር አይነጣም። ግማሹ ሰው ፀሐይ፣ ግማሹ ጥላ ላይ እንዳይሆን ግን ተጠንቀቁ፤ ዛፍ ሥርም አትቁሙ፤ በቅጠል መሃል የሚያልፈው ብርሃን ፊትን ነብር ያስመስለዋል። እኩለ ቀን ላይማ ባታስቡትም ይሻላል፤ ፀሐይዋ ከላይ ስትሆን የዓይን ጉድጓድ ውስጥ ጥላ ትጥላለች፤ ጎልማሳውን ሁሉ ታስረጀዋለች። ነጭ የለበሰ ስለሚበዛ እዚህም የሰው ፊት መንካት አትርሱ። ለእማማ ወንበር አውርዱላቸው፤ መሃል ይቀመጡ፤ ልጃቸው ከጎናቸው ትሁን። ዓይኑን የሚጨፍን አይጠፋም፤ ስለዚህ «ሁላችሁም ጨፍኑ፤ ሦስት ስል ግለጡ» በሉና ሦስት ሲባል ደጋግማችሁ አንሱ።

እናትና ልጅን ለብቻ ማንሳት ከፈለጋችሁ ከ11፡30 በኋላ እንደገና ውረዱ። በገና ሰሞን አዲስ አበባ ላይ ጀንበር የምትገባው ከምሽቱ 12፡20 ገደማ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው ወርቃማ ብርሃን ፊት ለፊት ቢመጣ እንኳ ለዓይን አይከብድም። እማማን ዓይናቸውን ብርሃን የሚያማቸው ከሆነ ግን ጎናቸውን ይስጡት። አትዘግዩ፤ በእኛ አገር ጀንበር ከገባች ከ20 ደቂቃ ብዙም ሳይዘል ይጨልማል።

ቡናውን በተመለከተ፣ የዕጣኑ ጭስ በፎቶ እንዲታይ ከፈለግሽ ረከቦቱን ብርሃኑ ከጭሱ ኋላ በጎን በሚመጣበት ቦታ አድርጊው፤ ከጭሱ ጀርባ ጠቆር ያለ ነገር ይኑር። ነጭ ግድግዳ ፊት ለፊት ጭስ አይታይም። የቡና አፍዪዋ ፊት ደግሞ ከመስኮቱ ብርሃን እንዲያገኝ ጀበናውን ስትቀዳ ጎኗን ወደ መስኮቱ ታድርግ። ማታ ከሆነ ያለውን አምፖል ሁሉ አብሩ፤ ሰዎቹ ወደ አምፖሉ ዞር ይበሉ እንጂ በቀጥታ ከሥሩ አይቀመጡ፤ ስልኩንም የሆነ ነገር ላይ አስደግፋችሁ ያዙ፤ በትንሽ ብርሃን እጅ ሲንቀጠቀጥ ፎቶው ይደበዝዛል። ለማንኛውም ከማንሳታችሁ በፊት ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ። በዶሮ ወጥና በቅቤ እጅ የተነካ ስልክ ሁሉንም ነገር ጭጋግ ያለብሰዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ልጠይቅሽ። ባለፉት በዓላት ፎቶ ስታነሺ የኖርሽው አንቺ ነሽ፤ በስንቱ ውስጥ አለሽ? የስልኩን ሰዓት ቆጣሪ 10 ሰከንድ ላይ አድርጉት፤ በርጩማ ላይ ሁለት ሦስት መጽሐፍ ደርድራችሁ አስደግፉትና አንቺም ሮጠሽ ግቢ። ምራት ጠፍታ የሚሰቀል የቤተሰብ ፎቶ እኔ አልወድም።

ፎቶዎቹን ለእህታችሁ በቴሌግራም ስትልኩ «ፋይል» በሚለው በኩል ላኩ፤ እንደ ተራ ፎቶ ከላካችሁት መጠኑን ስለሚቀንሰው ሲታተም ይደበዝዛል። የሚሰቀለውን እማማ ራሳቸው ይምረጡ፤ ወደ ዱባይ ከመመለሷ ሁለት ሦስት ቀን አስቀድማችሁም ለእሷ አንድ፣ ለሳሎናችሁ አንድ አሳትሙ። ሳሎን ስትሰቅሉት ፀሐይ በቀጥታ የምታርፍበት ግድግዳ ላይ አይሁን፤ ቀለሙ ቶሎ ይለቃል። የዕቁቡን ብር ነገር ደግሞ እንግዳዋ ከተሸኘች በኋላ ተቀመጡበት፤ ባለቤትሽ በስልኩ ያነሳውን ካየ በኋላም ካሜራ ካማረው ያኔ ሌላ ዕቁብ መግባት ይችላል።